የአይጥ የስኳር በሽታና የገበሬ የስኳር በሽታ

በሀገራችን ስለ ስኳር በሽታ የሚካሄዱ የቤተ ሙከራ ጥናቶች ከሞላ ጎደል አንድ መልክ አላቸው። ጤነኛ አይጦች በአሎክሳን ወይም በስትሬፕቶዞቶሲን ይታመማሉ፤ በባህል ሕክምና የታወቀ ቅጠል ተዘፍዝፎ ውሃው ይሰጣቸዋል፤ ውጤቱም ከግሊቤንክላማይድ ጋር ይነጻጸራል። በመጨረሻም የባህል ሕክምናው ሳይንሳዊ ድጋፍ አገኘ ተብሎ ይደመደማል።

የእንስሳት ሙከራን በጅምላ መንቀፍ ተገቢ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1889 በስትራስቡርግ ቆሽቱ የወጣለት ውሻ የበሽታውን ምንጭ ባያመለክት፣ በ1921ም የቶሮንቶ ውሾች ባይኖሩ ኖሮ ኢንሱሊን በጥር 1922 ለታዳጊው ሊዮናርድ ቶምፕሰን ባልደረሰ ነበር። ጥያቄው እንስሳው የትኛውን በሽታ ይወክላል የሚለው ነው።

አሎክሳን ቤታ ሕዋሳትን እንደሚገድል በጥንቸል የታወቀው በ1943 ነው። መርዙ ወደ ሕዋሱ የሚገባው ግሉት-2 በተባለው ስኳር አስተላላፊ በኩል ነው። የሰው ቤታ ሕዋስ በአብዛኛው በሌላ አስተላላፊ ስለሚጠቀም መርዙን በእጅጉ ይቋቋማል። የማነጻጸሪያው መድኃኒትም ሌላ እንቆቅልሽ አለው። ግሊቤንክላማይድ የሚሠራው በሕይወት ባለ ቤታ ሕዋስ ላይ ነው። መድኃኒቱ በታመሙት አይጦች ላይ በደንብ ከሠራ፣ ሕዋሳቱ በሙሉ አልሞቱም ወይም እያገገሙ ነው ማለት ነው። የቆሽቱ ናሙና በማይክሮስኮፕ ካልታየና የኢንሱሊኑ መጠን ካልተለካ፣ ቅጠሉ ምን እንዳደረገ ማን ያውቃል?

በደቡብ በስፋት የሚበላው ሺፈራው ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1997 የታተመው የእነ እያሱ መኮንን ጥናት የቅጠሉ ውሃ የደም ስኳር እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ጥንቸሎቹ ግን የስኳር በሽታ የሌለባቸው ነበሩ፤ ኃይሉም ከግሊቤንክላማይድ ያነሰ ነበር። አጥኚዎቹ ይህን በግልጽ ጽፈዋል። ጥፋቱ «ሺፈራው ስኳር ያድናል» እያልን የምናወራው የእኛ ነው።

አሁን ከይርጋጨፌ ወረዳ፣ ከኮንጋ፣ ወደ ዲላ የሚላክ አንድ ሕመምተኛ እናስብ። ሃያዎቹን ያጋመሰ፣ ቀጭን፣ ቡናና እንሰት አምራች፣ በልጅነቱ ከቆጮ በቀር ብዙ ያልቀመሰ ነው። ቆጮ ደግሞ በፕሮቲን ደሃ መሆኑ የታወቀ ነው። ይህን ሰው በመርዝ የታመመው አይጥም ሆነ በምዕራቡ ዓለም በስብ የሚወፍረው አይጥ አይመስሉትም። በ2009 ከጎንደር የወጣ ጥናት ኢንሱሊን የሚያሻቸው ቀጫጭን የገጠር ወጣቶችን አስመልክቶ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ከምደባው ያስወጣው ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ እንደገና ይታይ ወይ ሲል ጠይቆ ነበር። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ዓይነት 5 በሚል ስም እውቅና የሰጠው በ2025 ነው።

የሚያስቆጨው፣ ለዚህ የሚቀርበው ሞዴል ውድ አለመሆኑ ነው። በእርግዝና ጊዜ ፕሮቲን ያነሳት አይጥ ግልገሎች የቆሽት እድገታቸው እንደሚጓደል ከ1990 ጀምሮ ይታወቃል። የሚያስፈልገው ቀለብ መመጠንና ትዕግሥት ነው፤ አሎክሳን ግን በቀናት ውስጥ ውጤት ይሰጣል፤ የመመረቂያ ጽሑፍም በሰዓቱ ያልቃል።

እስከዚያው ድረስ ከኮንጋ ለመጣው ሰው የምንነግረው ግልጽ ነው። ሺፈራውን እንደ ጎመን ይብላ፤ ኢንሱሊኑን ግን አንድም ቀን አያቋርጥ። ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሌላ ሕመምተኛ ቅጠሉን አፍልቶ የሚጠጣ ከሆነ ደግሞ የደም ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድ ስለሚችል፣ ክኒኑን ከመጨመራችን በፊት ስለ ቅጠሉ እንጠይቀው።