ዕጣ የወጣላቸው ልጆች ከስምንት ዓመት በኋላ

ኤምዲአርሲ የተባለው የኒው ዮርክ የጥናት ተቋም በሰኔ 2008 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳተመው የጄምስ ኬምፕል ጥናት፣ ትምህርትን በሚመለከት ደጋግሜ ከማነባቸው ጥቂት ጽሑፎች አንዱ ነው። ጥናቱን ሲያዘጋጅ ሲንቲያ ዊልነር አግዛዋለች። ርዕሱ ረጅም፣ ሠንጠረዡ ብዙ ነው፤ የተነሣበት ጥያቄ ግን ማንም ወላጅ የሚጠይቀው ነው። ገና ሁለተኛ ደረጃ እያለ ንግድ፣ ፋይናንስ፣ ኤሌክትሮኒክስ ወይም ቱሪዝም የተማረና ሥራ ቦታ ገብቶ የተለማመደ ልጅ፣ አድጎ የተሻለ ኑሮ ይኖራል ወይ?

የተጠናው ትምህርት ካሪየር አካዳሚ ይባላል። በ1969 ፊላደልፊያ ውስጥ በኤዲሰን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በከተማዋ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ድጋፍ ተጀመረ። መነሻው ልጆች ትምህርት እንዳያቋርጡ ለማድረግ ነበር። በ1982 ኒው ዮርክ ላይ የፋይናንስ አካዳሚ ሲከፈት ትልልቆቹ የገንዘብ ድርጅቶችም ገቡበት። አሠራሩ ቀላል ነው። ሺህና ከዚያ በላይ ተማሪ በሚርመሰመስበት ትምህርት ቤት ውስጥ ከ150 እስከ 200 የሚሆኑ ልጆች ለብቻቸው ይመደባሉ፤ ከ9ኛ ወይም ከ10ኛ ክፍል እስከ 12ኛ ከሞላ ጎደል በእነዚያው መምህራን እጅ ይቆያሉ። ሒሳቡና እንግሊዝኛው እንዳለ ሆኖ የሙያው ትምህርት አብሮ ይሰጣል፤ የአካባቢው ድርጅቶችም ለጉብኝትና ለሥራ ልምምድ በራቸውን ይከፍታሉ።

ለጥናቱ ክብር ያስገኘለት ዘዴው ነው። የሙያ ትምህርት ጠቀመ የሚሉ ጽሑፎች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን አንድ ጥያቄ ሲነሣባቸው አይቆሙም። ወደዚያ የሄደው ልጅ ድሮውንም ጎበዝ፣ ወይም የሚገፋው ወላጅ ያለው ቢሆንስ? ኬምፕልና ባልደረቦቹ ይህን የዘጉት በዕጣ ነው። በዘጠኝ ትምህርት ቤቶች፣ አብዛኞቹ ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች የሆኑ የ8ኛና የ9ኛ ክፍል ልጆች አካዳሚ ለመግባት አመለከቱ። አመልካቹ ከቦታው በለጠ። ዕጣ ተጣለ። ዕጣ የወጣላቸው ገቡ፣ ያልወጣላቸው በመደበኛው መንገድ ቀጠሉ፤ ሁለቱም ወገኖች 12ኛ ክፍልን መጨረስ ከነበረባቸው ጊዜ አንሥቶ ለስምንት ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። በትምህርት ጥናት እንዲህ ያለ ትዕግሥት ብርቅ ነው፤ ለዚህ ብቻ እንኳን ምስጋና ይገባቸዋል።

ውጤቱ ምን ሆነ? ዕጣ የወጣላቸው በዓመት በአማካይ 2,088 ዶላር፣ ማለትም 11 ከመቶ የበለጠ አገኙ። በስምንቱ ዓመት ሲደመር 16,704 ዶላር ነው። የበለጠ የሚገርመው አካሄዱ ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ልዩነቱ በወር 132 ዶላር ነበር፤ በኋለኞቹ አራት ዓመታት 216 ደረሰ። ጥቅሙ እየተመናመነ ይጠፋል ብሎ የጠበቀ ሰው ተቃራኒውን አገኘ። በዚያ ላይ አካዳሚውን እስከ 12ኛ ክፍል የዘለቁት ዕጣ ከወጣላቸው ከግማሽ ትንሽ የሚበልጡት ብቻ ናቸው፤ ስሌቱ ግን መሃል ላይ የወጡትንም ይዞ ነው የተሠራው። ዕጣ ያልወጣላቸውም ልጆች፣ ከፈለጉ፣ በዚያው ትምህርት ቤት ሌላ የሙያ ትምህርት መውሰድ ይችሉ ነበር። እንግዲህ 11 ከመቶ የተገኘው ከባዶ ጋር በተደረገ ንጽጽር አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ጥናቱን አጥብቄ እሞግተዋለሁ። ያ 11 ከመቶ በየጋዜጣውና በየስብሰባው ሲጠቀስ የሁሉም ልጆች ይመስላል። ወደ ሠንጠረዡ ሲገቡ የወንዶቹ ሆኖ ይገኛል። ወንዶቹ በዓመት 3,731 ዶላር፣ 17 ከመቶ ጨመሩ፤ ለሴቶቹ ግን በስታቲስቲክስ የሚታመን የገቢ ልዩነት አልተገኘም። ጥናቱ ይህን አልደበቀም፤ በግልጽ ጽፎታል። የምወቅሰው በፍጥነት ስላለፈው ነው። በእነዚህ አካዳሚዎች ውስጥ ከተቀመጡት ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴቶች ሆነው ሳለ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ መምህር፣ አንድ መጽሐፍ ለወንዱ ሲያፈራ ለሴቷ ለምን እንዳላፈራ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይገባው ነበር። ልጅቷን ወደ የትኛው የሥራ ቦታ ላኳት? እዚያስ ምን አሠሯት? እነዚህ ጥያቄዎች ካልተመለሱ፣ የሴት ልጅ እናት በዚያ አማካይ አኃዝ ተማምና ልጇን እንድታስመዘግብ መምከር ከባድ ነው።

ሁለተኛው ክፍተት የሚያስቆጨኝ መልሱ ቅርብ ስለሚመስል ነው። አካዳሚዎቹ የፈተና ውጤት አላሻሻሉም። ዲፕሎማ የሚይዘውን ልጅ ቁጥርም በመጨረሻ አልጨመሩም። ታዲያ ገንዘቡ ከየት መጣ? ደራሲዎቹ ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደ ሥራ ልምምዱና ወደ ሙያ ምክሩ ነው፤ ዕጣው የተጣለው ግን በጠቅላላው በአካዳሚው ላይ ስለሆነ፣ የትኛው ክፍል እንደሠራ ለይቶ ሊነግረን አይችልም።

እኔም ከደራሲዎቹ ጋር ነኝ። 11ኛ ክፍልን ጨርሶ ክረምቱን ባንክ ውስጥ እየተከፈለው የሚሠራን ልጅ አስቡት። ጠዋት ሁለት አውቶቡስ ቀያይሮ በሰዓቱ ይደርሳል። የማያውቀው ሰው ሲደውል ምን ብሎ ስልክ እንደሚያነሣ ይማራል። ቁጥር አሳስቶ ያስገባ እንደሆነ ራሱ ሄዶ ለአለቃው መንገር አለበት። ከሁሉ በላይ፣ ነሐሴ ሲያልቅ፣ ከቤተሰቡና ከመምህራኑ ሌላ ስለ ሥራው ሊመሰክርለት የሚችል አንድ አዋቂ ሰው አለው። ደሃ ሠፈር ላደገ ልጅ ይህ ሰው ነው የሌለው። የሂሳብ መዝገብ አያያዝን ከመጽሐፍ ሊማር ይችላል፤ ይህን ምስክር ግን መጽሐፍ አይሰጠውም።

ለዚህ እምነቴ ከራሱ ከጥናቱ የቀደመ ማስረጃ አለ። ይኸው ቡድን በ2000 ባወጣው ዘገባ፣ ትምህርት ያቋርጣሉ ተብሎ በጣም ይፈራላቸው ከነበሩት ልጆች መካከል ያቋረጡት ከ32 ከመቶ ወደ 21 ከመቶ ወርደው ነበር። መምህሩና የክፍል ጓደኛው ለልጁ ይበልጥ የቀረቡበት አካዳሚ በሠራ ጊዜ፣ ይህ ቅርበት ያልተጨመረበት አልሠራም። ዓመታት ሲያልፉ በምርቃት በኩል የነበረው ልዩነት ጠፋ፤ በ2008ቱ ዘገባ ላይ ሁለቱም ወገኖች እኩል ናቸው። እኔ የምፈልገው ይኸው የቅርበት መለኪያ ወደ ሥራ ቦታው እንዲዘልቅ ነበር። ጥናቱ ተማሪውን ጠየቀ፣ ትምህርት ቤቱን ጎበኘ፤ ልጁን ተቀብሎ ያሠራው አለቃ ድምፅ ግን ገጾቹ ላይ ደብዝዟል።

ለእኛ ሰዎች፣ በተለይ በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ልጅ ለሚያሳድጉት፣ ጥናቱ ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር ከገቢው ይልቅ የኮሌጁ ይመስለኛል። የምዝገባ ቅጽ ይዞ የመጣ ልጅ «ማርኬቲንግ ልውሰድ» ሲል፣ ብዙ ቤት የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «እኛ እዚህ የለፋነው አንተ ሱቅ እንድትቆም ነው?» ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ሌሊት ታክሲ የነዳ አባት ለልጁ ሌላ ሕይወት ቢመኝ አይፈረድበትም። ጥናቱ ግን ለዚህ ፍርሃት ቀጥተኛ መልስ አለው። በሁለቱም ወገን ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ወይም አቻውን ይዘዋል፤ በሁለቱም ወገን ግማሽ ያህሉ ከዚያ በላይ የሆነ የትምህርት ማስረጃ አግኝተዋል። የሙያውን ትምህርት የወሰደው ልጅ ኮሌጅ አላመለጠውም። በልዩነት ያገኘው የሥራ ገቢና፣ ማንም ያልጠበቀው ነገር፣ የቤተሰብ ኑሮን ነው፤ ዕጣ የወጣላቸው ራሳቸውን ችለው ከልጆቻቸውና ከትዳር ወይም ከኑሮ አጋራቸው ጋር የመኖራቸው ዕድል በ23 ከመቶ ጨምሯል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ወደው ላመለከቱ ልጆች ነው። ዕጣ ያልወጣላቸው እንኳን በአገሪቱ ካሉ መሰሎቻቸው የተሻለ ውጤት አምጥተዋል፤ ስለዚህ አንድ ከተማ ተነሥቶ ተማሪውን ሁሉ በግዴታ አካዳሚ ቢያስገባ ያንኑ 11 ከመቶ ያገኛል ብሎ መናገር ጥናቱ ከሚፈቅደው በላይ መሄድ ነው።

የጊዜውም ጉዳይ አለ። ዘገባው የወጣው ሌማን ብራዘርስ የተባለው ባንክ ወድቆ የኢኮኖሚ ቀውሱ ከመባባሱ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ነው። የሥራ ልምድና የሚያውቅህ አለቃ በደህናው ቀን መጥቀማቸውን አሳይቷል፤ ሥራ በጠፋበት ዘመን ማን እንደቆመና ማን እንደወደቀ ግን ከዚህ ዘገባ ማወቅ አይቻልም። እነዚያ ልጆች ዛሬ 40ዎቹን አጋምሰዋል። ዕጣው ተመዝግቧል። ተመራማሪ ቢመለስባቸው፣ መጀመሪያ እንዲፈልጋቸው የምመኘው ሴቶቹን ነው፤ የስምንት ዓመቱ ክትትል ያላየላቸው ጥቅም ልጆቻቸው ካደጉ በኋላ መጥቶ ይሆን፣ ወይስ አካዳሚው ከመጀመሪያውም የላካቸው ደሞዙ ወደማያድግ ሥራ ነበር?