ሱስ ከመቃብር ያልፋልን?

በማስተማር ሥራ አብሮኝ የኖረ አንድ ወዳጅ ነበረኝ። አረቄ ለመደ። ወዳጆቹ በመከርነው ጊዜ ሁሉ፥ «ተዉኝ፤ ሞት ሲመጣ ይገላግለኛል» ይል ነበር። በመጨረሻ ታሞ ሲተኛ ጉሮሮው ውሃ እንኳ አልቀበል አለ፤ ዓይኑ ግን ሊጠይቀው የመጣ ሰው የያዘውን ብርጭቆ ይከተል ነበር። ከቀብሩ ስመለስ፥ ይህ ጥም የጉሮሮ ነው ወይስ የነፍስ? ብዬ አሰብሁ። ስለዚህም ነገር የጻፉ ሁለት ሰዎችን መርምሬ የታየኝን ለወጣቶች አቀርባለሁ።

አንደኛው ስዊድናዊው አማኑኤል ስዊድንቦርግ ነው። ስለ ሰማይና ስለ ሲኦል በላቲን ቋንቋ የጻፈውን መጽሐፍ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1758 ዓ.ም. በሎንዶን አሳተመ። እንደ እርሱ አባባል፥ ሰው ሲሞት ከምድራዊ ሥጋው በቀር ትቶት የሚሄደው ነገር የለም፤ ትዝታው፥ አሳቡና ፍቅሩ አብረውት ይሄዳሉ። በመጀመሪያ በውጭ ጠባዩ ይቆያል፤ በኋላ ግን ይህ መሸፈኛ ይገፈፍና በልቡ ሲወደው የኖረው ይገለጣል። ይህም ገዥ ፍቅር ለዘላለም አይለወጥም።

ጽዋውን ትቶ ጽዋውን የሚወደውን ልብ መመርመሩ መልካም ነው። ሆኖም ሁለት ጉድለት አገኘሁበት። ያየሁትን እናገራለሁ ስለሚል፥ አንባቢው ይቀበለዋል ወይም ይተወዋል እንጂ ሊመዝነው አይችልም። ደግሞም ሱሱን እየጠላ ሲታገል ለሚወድቅ ሰው ሚዛኑ ይከብዳል።

ሁለተኛው የኢጣልያው ባለ ቅኔ ዳንቴ ነው። በታላቁ ግጥሙ ሁለተኛ ክፍል፥ ነፍሳት በሚነጹበት ተራራ ስድስተኛ እርከን ላይ፥ ሆዳሞችን ያሳየናል። ከሞተ አምስት ዓመት ያልሞላው ወዳጁ ፎሬዜ ከዚያ አለ። ከመክሳቱ የተነሣ ዳንቴ በድምፁ እንጂ በመልኩ አላወቀውም። የዛፉ ፍሬና የውሃው ሽታ ረኃቡን ያብሱበታል፤ እርሱ ግን ወድዶ ይታገሠዋል። በዚህ ስፍራ ምኞቱ አልጠፋም፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ሆኗል። ፎሬዜም ወደዚያ ፈጥኖ የደረሰው በሚስቱ በኔላ ጸሎትና እንባ እንደ ሆነ ይናገራል።

ይህ ቅኔ ነው እንጂ ምስክርነት አይደለም፤ ነገር ግን የሰውን ልብ ከስዊድንቦርግ ይልቅ የሚያውቅ መሰለኝ። ተዝካር የሚያወጣ ያገራችን ሰው የኔላን እንባ ይረዳዋል። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ሙታን መጸለይን አላስተማሩንም፤ ሆኖም ይህን ባነበብሁ ሌሊት የወዳጄን ስም በጸሎት ጠራሁ።

ሱስ የአንጎልም ሕመም እንደ ሆነ ዛሬ ሐኪሞች ያስረዳሉ። እንግዲህ የወዳጄ ዓይን ስለ ወዲያኛው ዓለም ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ነገር ግን አንድ ነገር አየሁ፤ ጉሮሮው ሥራውን ሲያቆም ጥሙ አላቆመም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ እጅህ ጽዋውን ለማስቀመጥ፥ እግርህም ወደ ሐኪምና ወደ መካሪ ለመሄድ ይችላል። ይህን ሥራ ለሞት አታቆየው።