«ቀረ» ስለሚለው ግስ

እንግሊዝኛ የሚያጠኑ ጓደኞቻችን ሁለት ተቃራኒ ፍች ያላቸውን ቃላት እየለቀሙ መዘርዘር ይወዳሉ። «ሳንክሽን» ማጽደቅም መቅጣትም ነው፤ «ክሊቭ» መሰንጠቅም መጣበቅም ነው፤ «ደስት» አቧራ ማራገፍም ዱቄት መነስነስም ነው፤ ይላሉ። ዝርዝሩ ያስቃል፤ ምርምር ነው ሲባል ግን ጉድለቱ ይታያል። ነገሩ በመሠረቱ የእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም፤ የዐረብ ሊቃውንት እነዚህን ቃላት «አድዳድ» ብለዋቸው፥ በ940 እ.ኤ.አ. የሞተው ኢብን አል አንባሪ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፎባቸዋል። ዋናው ጉድለት ግን ዘርዛሪዎቹ ተናጋሪው የት ቆሞ እንደ ተናገረ አለመጠየቃቸው ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን በየቀኑ የምንናገረው «ቀረ» ነው። «እንጀራ ቀረ» ቢባል መሶቡ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ «ሠርጉ ቀረ» ቢባል ግን ሠርግ የለም። ታዲያ ቃሉ አለም የለምም ይላልን?

ወደ ድሬዳዋ፥ ወደ ከዚራው አሮጌ ባቡር ጣቢያ እንሂድ። ሐዲዱ እዚያ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዪቱም የተቆረቆረችው በእርሱ ምክንያት ነው። በዚያ ዘመን አንድ መንገደኛ ባቡር አመለጠው እንበል። ተሳፍረው የሄዱት ጓደኞቹ «ቀረ» ይላሉ፤ አብሯቸው የለምና። ሊሸኙ የመጡትም «ቀረ» ይላሉ፤ እዚሁ አጠገባቸው አለና። ሰውዬው አንድ፥ ነገሩም አንድ ነው፤ የተለየው የተናጋሪው ሥፍራ ነው። ስለዚህ «ቀረ» ሁለት ተቃራኒ ፍች አለው ከማለት ይልቅ «ከሌሎቹ ጋር አልሄደም» የሚል አንድ ፍች አለው ማለት የሚሻል ይመስለኛል።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ከተሠራ ወዲህ፥ «አሮጌው ባቡር ቀረ» የሚለው አነጋገር ራሱ ለሁለት ይሰማል። በፉጨቱ ሰዓቱን ይለይ የነበረ ሽማግሌ መቋረጡን ይሰማበታል፤ በጥገናው ግቢ የቆሙትን ሎኮሞቲፎች ሊያይ የሚሄድ እንግዳ ደግሞ መኖሩን። ሁለቱም አልተሳሳቱም።

«ለ» እና «በ» ይለዩታል የሚል ሊኖር ይችላል። አይለዩትም። «ዕዳው ቀረለት» እና «ቤቱ ቀረለት» ሁለቱም ጥቅምን ያሳያሉ፤ ሆኖም ዕዳው ጠፍቷል፥ ቤቱ አለ። «ለ» የሚነግረን ማን እንደ ተጠቀመ ብቻ ነው።

«ዐውዱ ይፈታዋል» የሚለው የተለመደ መልስም በቃል ንግግር ይሠራ ይሆናል፤ በጽሕፈት ግን አያስተማምንም። ደቻቱን ተሻግረን ወደ መጋላ ብንዘልቅና ከአንድ ሱቅ የዱቤ ደብተር ላይ ከሰው ስም ቀጥሎ «መቶ ብር ቀረው» የሚል ብናገኝ፥ ሊከፍል ነው ወይስ ሊቀበል? ጸሐፊው ያውቀዋል፤ ደብተሩን የሚወርሰው ልጁ ግን አያውቅም። ደንበኛውም እንደሚጠቅመው ያነበዋል። «ይከፍላል» ወይም «ይቀበላል» የሚል አንድ ቃል ቢጨመርበት ኖሮ ሁለቱ ዳኛ ፊት ባልቆሙ ነበር።