የአንድ ሌሊት ትንሣኤ

ከወጣቶች ኅብረት በኋላ ደጃፍ ላይ ስለ ሬስሊንግ ወሬ ከተነሣ ክርክሩ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ይሄዳል። አንዱ «ውሸት እኮ ነው፤ ማን እንደሚያሸንፍ ቀድመው ይነጋገራሉ» ይላል። ሌላው «ፊልምስ ውሸት አይደል እንዴ?» ብሎ ይመልሳል። እኔ ድሮም ከሁለተኛው ጋር ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ውጤቱ አስቀድሞ የተጻፈ መሆኑን ተመልካቹ ያውቃል፤ ስለዚህ የተታለለ ሰው የለም። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነገር ነው። ያንንም ያገኘሁት የሬስሊንግ ወዳጆች እስከ ዛሬ አወድሰው በማይጠግቡት አንድ ምሽት ላይ ነው።

ምሽቱ እ.ኤ.አ. ጁን 12 ቀን 2005 ነው፤ ቦታው ኒው ዮርክ፣ ሐመርስቲን ቦልሩም። የዝግጅቱ ስም «ኢሲደብሊው ዋን ናይት ስታንድ» ሲሆን፣ ሰው እቤቱ ሆኖ ለዚያች ምሽት ብቻ ከፍሎ በቴሌቪዥን የሚያየው ዓይነት ነበር። ኢሲደብሊው ፊላደልፊያ ውስጥ በአንድ የቢንጎ አዳራሽ ያደገ፣ ጠረጴዛ በመስበር፣ በብረት ወንበርና በእሾሃማ ሽቦ የታወቀ ትንሽ ድርጅት ነው። በ2001 በሚሊዮኖች ዶላር ዕዳ ተዘፍቆ ፈረሰ። ትልቁ ተፎካካሪው ደብሊው ደብሊው ኢ በ2003 ስሙንና የቪዲዮ ክምችቱን ገዛ፤ በ2004 መጨረሻም አነሣሡንና አወዳደቁን የሚተርክ ዲቪዲ አወጣ። ዲቪዲው ከታሰበው በላይ ሲሸጥ ጊዜ «እንግዲያውስ ለአንድ ሌሊት እናስነሣው» ተባለ። እኛ ዘንድ ሪቫይቫል ሲባል በጾምና በጸሎት ይጀምራል፤ የእነሱ የጀመረው በሽያጭ መዝገብ ነው። ይሁን።

ፍርዴን ሳልደብቅ ልናገር፤ እንደ ዝግጅት ድንቅ ነው። አዳራሹ ጠባብ ነው፤ ሕዝቡ እስከ ሪንጉ ጥግ ተጠጋግቶ ቆሟል። ሳንድማን የሚባለው ተፋላሚ በሰው መካከል እየተሽሎከለከ ሲገባ አዳራሹ በሙሉ ዘፈኑን አብሮት ይዘፍናል። ጉልበቱ ተጎድቶ መፋለም ያልቻለው ሮብ ቫን ዳም ማይክራፎን ይዞ፣ ሬስልማኒያ ከቀረበት ይልቅ ይህች ምሽት እንደቀረችበት ያዘነ መሆኑን ሲናገር ቃሉ የተጻፈለት አይመስልም። የድርጅቱ መሪ የነበረው ፖል ሄይማን ዓይኖቹ እንባ ሞልተው ነው የታዩት። የፈረሰ ቤታቸውን ለመጨረሻ ጊዜ ለማየት የተሰበሰቡ ሰዎች ናቸው፤ ማን ይፈርድባቸዋል?

ከዚያ ማይክ ኦሰምና ማሳቶ ታናካ ገቡ።

ብዙዎች የምሽቱ ምርጥ ግጥሚያ ይሉታል፤ እኔም እስማማለሁ። ችግሬ የሚጀምረውም እዚያው ነው። የብረቱ ወንበር ምንም ባልከለለው ጭንቅላት ላይ ሲያርፍ ድምፁ የትወና ድምፅ አይደለም። ኦሰም ከዓመታት በፊት የድርጅቱን ሻምፒዮናነት እንደያዘ ወደ ተፎካካሪ ድርጅት የሄደ ሰው ስለሆነ ሕዝቡ እንደ ከዳተኛ ነበር የሚያየው። በገመዶቹ መካከል ወደ ውጭ ራሱን ሲወረውር፣ የዝላዩ የእንግሊዝኛ ስም «ራስን ማጥፋት» የሚል ቃል አለበትና፣ ኮሜንታተሩ በዚያ ስም ቀልዶ ሰውየው አለመሞቱ የሚያሳዝን እንደሆነ ተናገረ። በ2007 መጀመሪያ ኦሰም በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። ያ ንግግር ግን ዛሬም ዲስኩ ላይ አለ።

በዚያው ምሽት ኤዲ ጌሬሮና ክሪስ ቤንዋ ተፋልመዋል። ሁለቱ የልብ ወዳጆች ነበሩ፤ ከአንድ ዓመት በፊት በሬስልማኒያ ሁለቱም የሻምፒዮን ቀበቶ ይዘው ሪንጉ መሃል ተቃቅፈው አልቅሰዋል። ጌሬሮ በአደንዛዥ ዕፅና በመጠጥ ምክንያት ከሥራ ተባርሮ፣ ትዳሩ ሊፈርስ ደርሶ፣ ጌታን አግኝቶ የተመለሰ ሰው ነው። ምስክርነቱን በአደባባይ ይናገር ነበር፤ ሱሱንም በእርግጥ ትቶታል። ከዚያች ምሽት አምስት ወር በኋላ በ38 ዓመቱ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ በልብ ሕመም ሞተ። ይህን ታሪክ ለምስክርነት ስንጠቀምበት «ዳነ» የሚለው ላይ ማቆም እንወዳለን። እኔ ግን ስለ ሥጋው አስባለሁ። ነፍሱ ዐርፋለች፤ ሥራው ግን ያንኑ ሰውነት በየሳምንቱ ይጠይቀው ነበር።

ቤንዋ በ2007 ሚስቱንና የሰባት ዓመት ልጁን ገድሎ ራሱን አጠፋ። አንጎሉን የመረመሩ ሐኪሞች በተደጋጋሚ ምት የደረሰ ከባድ ጉዳት አግኝተዋል። ለግድያው ምክንያቱ ያ ብቻ ነው አልልም፤ እንደዚያ ማለት ሟቾቹን መበደል ይሆናል። ነገር ግን ጭንቅላት ላይ የሚያርፍ ወንበር በደብሊው ደብሊው ኢ የተከለከለው በ2010 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ጭብጨባ በሙሉ የእኛ ነው።

እስራኤላውያን በምድረ በዳ የግብፅን ዓሣና ሽንኩርት ሲመኙ ጅራፉን አላነሡም። የኢሲደብሊው ናፍቆትም እንዲሁ ነው። ድርጅቱ ሲፈርስ ደመወዛቸውን ያላገኙ ተፋላሚዎች ነበሩ፤ ዘፈኑ ሲነሣ ግን ያንን የሚያስታውስ የለም። ባለቤቶቹም በአንዷ ሌሊት አልረኩም። በ2006 ሁለተኛ ዋን ናይት ስታንድ ተዘጋጀ፤ ወዲያው ስሙ ሳምንታዊ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሆነ፤ እስከ 2010 ቆየ። ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም። አዳራሹ ሰፋ፣ ሰዎቹ ተለወጡ፣ የቀረው ፊደሉ ነበር።

የመጀመሪያውን ምሽት ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። በቅርቡ ሳየው የማንን መጨረሻ እንደማውቅ እያሰብኩ ስለነበር የኦሰምና የታናካ ግጥሚያ ላይ ስደርስ ድምፁን ዘጋሁት። መጀመሪያ ያየሁት ግን ልጅ ሳለሁ፣ ከሰፈር ጓደኞቼ ጋር፣ በተባዛ ሲዲ ነው። ወንበሩ ሲያርፍ አዳራሹ በሙሉ ከመቀመጫው ተነሣ። እኛም ተነሣን፤ እኔ እንዲያውም «ድገመው!» ብዬ ጮኼ ነበር።