ጥሩ ትሪገር የሚለይባቸው ነጥቦች

ኤፍፒጂኤ ከተመረተ በኋላ ውስጣዊ አሠራሩ በተጠቃሚው የሚዋቀር ቺፕ ሲሆን፣ በውስጡ የሚመላለሱትን ሲግናሎች ከውጭ በመለኪያ መሣሪያ መድረስ ስለማይቻል መሐንዲሶች ሎጂክ አናላይዘሩን ከዲዛይኑ ጋር አብረው እዚያው ቺፕ ውስጥ ይተክላሉ። በዲዛይን ሶፍትዌሮቹ በቪቫዶ አይኤልኤ፣ በኳርተስ ደግሞ ሲግናል ታፕ የሚባሉት እነዚህ መቅረጫዎች የተመረጡትን ሲግናሎች በየክሎኩ ምት በሜሞሪ ላይ እየደራረቡ ይጽፋሉ፤ ትሪገር የሚባለው ሁኔታ ሲሟላም ከክስተቱ በፊትና በኋላ ያለውን ክፍል ይዘው በጄታግ መስመር ወደ ኮምፒውተር ይልካሉ። ሜሞሪው ግን ጠባብ ነው፤ 1024 ናሙና የሚይዝ መቅረጫ በ100 ሜጋኸርዝ ክሎክ የሚያሳየው 10.24 ማይክሮሰከንድ ብቻ በመሆኑ፣ የሥራው ጥራት የሚታየው በዋናነት በትሪገሩ ላይ ነው።

ጥሩ ትሪገር ፈጽሞ መሆን የማይገባውን ነገር በትክክል የሚገልጽ ነው። አክሲ በተባለው የአርም የመገናኛ ደንብ መሠረት ላኪው ዳታ ማቅረቡን ቫሊድ በተባለ ሲግናል፣ ተቀባዩም ዝግጁነቱን ሬዲ በተባለ ሲግናል ያሳውቃሉ፤ ርክክብ የሚፈጸመው ሁለቱም በአንድ ምት 1 ሲሆኑ ነው፤ ቫሊድ አንዴ 1 ከሆነ በኋላም ርክክቡ ሳይፈጸም መውረድ የለበትም። ይህን ጥሰት ለመያዝ የቫሊድን መውረድ ብቻ ትሪገር ያደረገ ሰው፣ ቫሊድ ከርክክብ በኋላም በሕጋዊ መንገድ ስለሚወርድ፣ ወዲያው የሚያገኘው የጤናማ ሥራ ቅጂ ነው። ጠንቃቃው ባለሙያ በደረጃ የሚሄድ ትሪገር ያዘጋጃል፤ በመጀመሪያው ደረጃ ቫሊድ 1፣ ሬዲ 0 የሚሆንበትን ምት ይጠብቃል፤ በሁለተኛው ርክክብ ከተፈጸመ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፣ ቫሊድ ከዚያ በፊት ከወረደ ግን ይይዛል። በሪሴት ጊዜ ቫሊድ እንዲወርድ ደንቡ ራሱ ያዛልና፣ ሪሴትን ከሁኔታው ለይቶ ያወጣ ትሪገር ጸሐፊው ደንቡን አንብቦ መነሣቱን ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ይመሰክራል።

የዳታው ፍሰት ቀጥ ብሎ የሚቆምበትን ጊዜ መያዝ ከዚህ ይከብዳል፤ ሬዲ ለጥቂት ምቶች 0 ሆኖ መቆየቱ የተፈቀደ ስለሆነ ቆጣሪ የግድ ነው። የቪቫዶ የላቀ ትሪገር እስከ 16 ደረጃዎችና 4 ባለ16 ቢት ቆጣሪዎች ስላሉት መሣሪያው አያንስም፤ ብዙ ጊዜ የሚያንሰው ስሌት ነው። ጥበቃው 1000 ምት ሲሞላ እንዲይዝ የታዘዘ ባለ1024 ናሙና መቅረጫ፣ የትሪገሩ ቦታ በሚቀረጸው መስኮት መጨረሻ ላይ ቢሆን እንኳ፣ ከመቆሙ በፊት ስለነበረው ነገር የሚያሳየው ሃያ ያህል ምት ብቻ ነው፤ የቀረው ምንም የማይነበብበት ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። ቦታው መሀል ላይ ከተተወ ደግሞ (ብዙዎች እንዲሁ ይተዉታል) የመቆሙ መነሻ ጨርሶ አይታይም። በአንጻሩ ተቀባዩ ከ64 ምት በላይ ሊያዘገይ እንደማይችል ከዲዛይኑ የተረዳ ሰው ወሰኑን 100፣ የትሪገሩን ቦታም መጨረሻ ላይ አድርጎ፣ ሜሞሪ ሳይጨምር፣ ከ900 በላይ ምት ቀዳሚ ታሪክ ያገኛል።

የመቅረጫው ክሎክም መታየት አለበት፤ ከሌላ ክሎክ የሚመጣ ባለብዙ ቢት ዋጋ በሽግግሩ መካከል ሊነበብ ስለሚችል፣ ትሪገሩ በዲዛይኑ ውስጥ ፈጽሞ ባልነበረ ቁጥር ሊነሣ ይችላል።

በመጨረሻ የሚመረመረው ዝምታ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ያልተነሣ ትሪገር ጥሰቱ አለመኖሩን ሊያመለክት ይችላል፤ ሁኔታው በስሕተት ሊሟላ የማይችል ሆኖ መጻፉን፣ ወይም የመቅረጫው ክሎክ ራሱ መቆሙንም እንዲሁ። ጥንቁቅ ባለሙያ ስለዚህ ሆን ብሎ ጥሰት የሚፈጥር ትንሽ ሎጂክ ከዲዛይኑ ጋር ያስገባል፤ ትሪገሩ በዚያ ሰው ሠራሽ ጥሰት መነሣቱን አይቶ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ እውነተኛውን ጥበቃ ይጀምራል።