«ገቢ» ለማን ገቢ? ስለ ፓኬት አቅጣጫ ስያሜዎች

የኮምፒዩተር መረብን ሙያዊ ቃላት ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ «ኢንፑት»ን «ገቢ»፣ «አውትፑት»ን «ወጪ» ብሎ ማለፍ ይቀናዋል። ለሌላው ዘርፍ ይህ ያስኬድ ይሆናል። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ፓኬቶችን ለሚያጣራው ሥርዓት፣ ማለትም ለኔትፊልተር፣ ግን ትርጕሙ አሳሳች ነው። «ገቢ» ሲባል ወዴት የገባ እንደሆነ ቃሉ አይናገርምና።

ነገሩን በአገራችን መንገድ እንመልከተው። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ አውቶቡስ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በመርሳ በኩል ያልፋል። የመርሳ ሰው ይህን አውቶቡስ «አላፊ» ይለዋል እንጂ «ገቢ» አይለውም። ከመርሳ የሚነሣው ሌላ ነው፤ ጉዞውን መርሳ ላይ የሚፈጽመውም ሌላ ነው። ሦስቱም በአንድ አስፋልት ይሄዳሉ፤ የሚለያቸው መነሻቸውና መድረሻቸው ነው። ወልድያ ሲደረስ ደግሞ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ቆቦ፣ ሌላው ወደ ጋሸና ያመራል።

የኔትፊልተርም አሠራር ከዚህ አይርቅም። ከውጭ የመጣ ፓኬት ሁሉ አስቀድሞ በ«ፕሪራውቲንግ» ያልፋል። ከዚያ በኋላ መገንጠያው ይመጣል፤ ይኸውም ለዚያው ማሽን የተላከው ወደ «ኢንፑት»፣ ለሌላ የተላከው ወደ «ፎርዋርድ» ይመራል። «አውትፑት» የሚመለከተው ማሽኑ ራሱ ያመነጨውን ብቻ ነው። አላፊውና ከማሽኑ የተነሣው በስተመጨረሻ «ፖስትራውቲንግ» ላይ ይገናኛሉ።

ከዚህ ላይ የታሪኩ ነገር ሊጤን ይገባል። በ1991 ዓ.ም. ከወጣው ሊኑክስ 2.2 ጋር በነበረው በአይፒቼይንስ፣ አላፊ ፓኬት «ኢንፑት»ን፣ «ፎርዋርድ»ንና «አውትፑት»ን በየተራ ይነካ ነበር፤ ያን ጊዜ «ገቢ» ቢባል ብዙም ባልተነቀፈ። በ1993 ዓ.ም. ከሊኑክስ 2.4 ጋር የመጣው ኔትፊልተር ግን ቃሉን እንዳለ ትቶ ፍቹን አጠበበው። እንግዲህ የእንግሊዝኛው ስያሜ ራሱ ጕድለት አለበት፤ ያንን ጕድለት የምንወርስበት ምክንያት አይታየንም።

ጕዳቱም የቃል ብቻ አይደለም። የሕሙማን መዝገብ የያዙ ኮምፒዩተሮች ከአንድ ሊኑክስ ራውተር በስተኋላ አሉ እንበል። መመሪያው «ገቢውን ሁሉ ከልክል» ቢል፣ ባለሙያው ደንቡን በ«ኢንፑት» ላይ ጽፎ ሥራው የተጠናቀቀ ይመስለዋል። የተጠበቀው ግን ራውተሩ ብቻ ነው፤ ሌላ ደንብ ከሌለ ወደ መዝገቦቹ የሚያልፈው ፓኬት በ«ፎርዋርድ» በኩል ያለ ከልካይ ይሄዳል።

ስለዚህ «ፎርዋርድ»ን «አላፊ»፣ «አውትፑት»ን «ተነሺ» ማለትን እንመርጣለን። «አላፊ» ከ«ኃላፊ» ጋር በጆሮ ይቀራረባል፤ ቢሆንም ከ«ተሻጋሪ» ይሻላል፤ «ተሻጋሪ»ን እኛ የሥነ ልሳን ሰዎች ለግሥ ይዘነዋልና። የሚያስቸግረው «ኢንፑት» ነው። «ደራሽ» መልካም በሆነ ነበር፤ ነገር ግን ወዲያው ጎርፍን ያሳስባል፤ ጎርፍ ደግሞ በመረብ ሙያ ለሌላ ጉዳይ ያስፈልጋል። ለጊዜው «አራፊ» ይቅደም እንላለን። «ቅድመ» እና «ድኅረ» ለሁለቱ ጫፎች ያለ ክርክር ያገለግላሉ።

ኔትፊልተር ግንኙነትን ሲከታተል የሚጠቀምባቸው «ኦሪጅናል» እና «ሪፕላይ» ግን ከነዚህ ጋር ሊደባለቁ አይገባም። እነርሱ የሚለዩት ግንኙነቱን ማን እንደ ጀመረ ነው፤ ተነሺውም አራፊውም ከሁለቱ አንዱን ሊሆን ይችላል። «ኦሪጅናል»ን «ዋና» ብሎ መተርጐም ቅጂ ያለው ያስመስላል፤ «ጠሪ» እና «መላሽ» ቢባሉ ግን አንባቢ ያለ ማብራሪያ ይረዳቸዋል።