መስመር ሲቆረጥ የሚሠራ ዳታቤዝ

ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው መንገድ ብርዳማውን የለጋምቦ ደጋ አቋርጦ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ሰላም ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ አገሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ያቆለቁላል። በዚህ ደጋ እንደ ብዙው የአገሪቱ ክፍል ባለጉዳይ በቢሮ መስኮት አዘውትሮ የሚሰማው መልስ «ሲስተም የለም» ነው። የሙያው ሰው ይህን ሲሰማ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ መብራት ነው የሄደው? መስመር ነው የተቆረጠው? ወይስ ዳታቤዙ ራሱ ቆሟል? ለመጀመሪያው ባትሪና ጄኔሬተር፣ ለሦስተኛው ባክአፕ አለ። መስመር ሲቆረጥ ግን የወረዳው ባለሙያ የሚጠግነው ነገር የለም። እሱ ሊታሰብበት የሚገባው ዳታቤዙ ሲነደፍ ነው።

ወረዳኔት የተባለው የመንግሥት መረብ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ ሲዘረጋ ከከተማ የራቁ ወረዳዎችን በሳተላይት ዲሽ ከማዕከል ጋር አገናኝቷል። ለዚህ የሚያገለግለው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል። ጥያቄው ወጥቶ ወርዶ ማዕከል ሲደርስ፣ መልሱም ወጥቶ ወርዶ ሲመለስ 144 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በብርሃን ፍጥነት እንኳ ግማሽ ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል። አንድ ቅጽ ለመክፈት ዳታቤዙን 100 ጊዜ ተራ በተራ የሚጠይቅ ፕሮግራም አዲስ አበባ ሆነው ሲሞክሩት እንከን የለውም። በሳተላይት ግን ገጹ እስኪከፈት 50 ሴኮንድ ያስጠብቃል። መስመሩን ማስፋት ይህን አያሳጥረውም። መቶውን ጥያቄ በአንድ ጠቅልሎ መላክ ይረዳል፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን ዳታቤዙን እዚያው ወረዳው ላይ ማስቀመጥ ነው።

ዳታቤዙን ወረዳ ማውረድ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። መስመር በሌለበት ሰዓት ወረዳው ይመዝግብ ወይስ ይጠብቅ? የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤሪክ ብሩወር እ.ኤ.አ. በ2000 በይፋ ያቀረበው ሐሳብ ምርጫውን አፍረጥርጦ አስቀመጠው፦ ግንኙነት ሲቋረጥ ወይ አገልግሎቱ ይቆማል፣ ወይ በሁለቱ ወገን ያለው መረጃ ለጊዜው ይለያያል። ሁለቱንም ማዳን አይቻልም።

ለባንክ መልሱ ግልጽ ነው። ሂሳቡን ማረጋገጥ ካልተቻለ ገንዘብ አይከፈልም፤ በዚያ መስኮት «ሲስተም የለም» ማለት ትክክለኛ መልስ ነው። መጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ባጋጠመ የሲስተም እክል ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ማውጣት የቻሉባት ሌሊት ይህ ማረጋገጫ ሲሳት ምን እንደሚከተል አሳይታለች። በጥቂት ሰዓታት ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ግብይት ተካሄደ፤ ገንዘቡን ለማስመለስ ደግሞ ሳምንታት ወሰደ። የጤና ጣቢያ ወርሃዊ ሪፖርት ግን እንደዚህ አይደለም። ዛሬ የተከተቡ ሕፃናት ቁጥር ደሴ ነገ ቢደርስ የሚጎዳ ሰው የለም፤ መስመር ጠፋ ተብሎ ሳይመዘገብ ቢቀር ግን ጉዳት አለው።

በክላስተር፣ ማለትም እንደ አንድ በሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ፣ ፍቅር የተያዙ ጀማሪዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ዲያጎ ኦንጋሮና ጆን ኡስተርሃውት እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ራፍት የተባለው ዘዴ አንድ ሰርቨር ቢሞት ሌሎቹ ተስማምተው ሥራው እንዲቀጥል ያደርጋል። የሚሠራው ግን በአብላጫ ድምፅ ነው፤ ከሦስት ሰርቨር ሁለቱ መገናኘት አለባቸው። አንዱን መካነ ሰላም፣ አንዱን ደሴ፣ አንዱን ባሕር ዳር ቢያኖሯቸው መስመር በተቆረጠ ቁጥር የመካነ ሰላሙ ብቻውን ይቀራል፤ አንዲት መዝገብ እንኳ መጨመር አይፈቀድለትም። ስለዚህ ሦስቱም ፈጣን ስዊች ባለበት አንድ ማዕከል ይሁኑ፤ ወረዳው ግን የራሱ ዳታቤዝ ይኑረው፣ ለውጡን በሎግ መዝግቦ መስመር ሲመጣ ይላክ። ጎበዝ የእድር ጸሐፊ ብሩን ሣጥን ከመክተቱ በፊት በመዝገብ እንደሚያሰፍረው ሁሉ ዳታቤዝም ለውጡን አስቀድሞ በሎግ ይጽፋል። መብራት መሃል ላይ ቢሄድ የተጀመረው ሥራ ከዚያ ይታወቃል፤ ያው ሎግ ወደ ሌላ ሰርቨር ሲላክ ደግሞ ቅጂ ይሆናል።

የኢትዮጵያ ጤና ዘርፍ በ2010 ዓ.ም. አካባቢ ዲኤችአይኤስ2 ወደተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት ሲገባ ይህን መንገድ ይዟል። ኢንተርኔት ያላቸው ተቋማት በቀጥታ ይመዘግባሉ፤ የሌላቸው በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ በተጫነው ይሞላሉ፣ ከዚያ ፋይሉን ወደ በላይ አካል ይልካሉ። ፋይሉ በፍላሽ ተይዞ በሚኒባስ ቢሄድም ያው ነው። አንድ ፋይል በስህተት ሁለት ጊዜ ቢገባስ? ቁጥሩ እጥፍ አይሆንም። እያንዳንዱ ቁጥር የሚታወቀው በተቋሙ፣ በወሩና በመረጃው ዓይነት ስለሆነ ሁለተኛው በመጀመሪያው ቦታ ይተካል እንጂ አይደመርም። ይህች ትንሽ የምትመስል የመለያ ቁልፍ አመራረጥ ከብዙ ሜትር ፋይበር ኬብል ይልቅ ትጠቅማለች። ወሩም ቢሆን ከ21 እስከ 20 የሚቆጠር በመሆኑ ጳጉሜን ራሷን ችላ አትቆምም፤ በመስከረሙ ሪፖርት ትጠቃለላለች።

የገጠር መሬት ምዝገባ ደግሞ ሌላ ብልሃት ይጠቀማል። በፊንላንድ ድጋፍ የተሠራው ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር የመረጃ ሥርዓት ዋና ሥራው የሚከናወነው በወረዳ ነው። አንድ ማሳ የአንድ ወረዳ ብቻ ስለሆነ ውርሱንም ስጦታውንም የሚጽፈው ያ ወረዳ ነው፤ ክልሉ ቅጂ ይይዛል። ጸሐፊው አንድ ከሆነ ግጭት የሚነሳበት በር ይጠባል።

በታብሌት ቤት ለቤት ሲመዘገብ ነገሩ ይከብዳል። ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ለአዲስ አባወራ ቁጥር ቢሰጡ፣ ሁለቱም «101» ሊሉ ይችላሉ። በተከታታይ ቁጥር ፈንታ ርዝመቱ 128 ቢት የሆነ የዘፈቀደ መለያ የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ ሁለት መሣሪያዎች ሳይነጋገሩ አንድ ዓይነት መለያ ያወጣሉ ተብሎ አይሰጋም።

ሰዓትም ያታልላል። ባትሪው የደከመ ኮምፒውተር መብራት ሄዶ ሲመጣ ዓመታት ወደ ኋላ ተመልሶ ሊነሳ ይችላል፤ «የመጨረሻው ይጽና» የሚል ሥርዓት ያኔ አሮጌውን በአዲሱ ላይ ይጭናል። ሌስሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳየው መፍትሔ ከሰዓት ይልቅ ቅደም ተከተልን መቁጠር ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት እንደተቆጠሩት ሲሆን፣ በየመሣሪያው የሚጠራቀም ለውጥ ከሳምንት ሥራ እጅግ የበለጠ ይሆናል። መስመር ሲመለስ ቆጣሪው አንዱን ለውጥ አይቶ የተጻፈውን ሌላ ለውጥ ከእሱ በኋላ ያሰልፋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው በስልክም የሚሠራ ማመሳከሪያ ነው፤ መካነ ሰላም የላከውንና ደሴ የደረሰውን የመዝገብ ብዛትና ድምር ማነጻጸር፣ ልዩነት ካለም ከየትኛው ተራ ቁጥር ጀምሮ እንደገና እንደሚላክ መወሰን።